አሮጌውን ቴፕ ከአዲሱ ሙዚቃ ጋር ስለ ማገናኘት

የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ አብርሃ ጅራ በሰሊጥ እርሻዋና ለሱዳን ወሰን ቅርብ በመሆኗ የታወቀች ናት። በዚህ ወሰን የሚያልፈው ሰውና ሸቀጥ ብቻ አይደለም፤ ዜማም ያልፋል። የሁለቱ አገሮች ዘፈን በአብዛኛው በአምስት ድምፅ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ፥ የሱዳኑ መሐመድ ወርዲ በኢትዮጵያም እንደ አገር ልጅ ሲወደድ ኖሯል። በካሤት ዘመንም የቆላው ሰው የአማርኛውንና የሱዳኑን ዘፈን ጎን ለጎን አስቀምጦ ይሰማ ነበር።

ዛሬ ግን ወጣቱ ዘፈን የሚሰማው በስልኩ ነው። ቴፑ፥ አምፕሊፋየሩና ትልልቆቹ ስፒከሮች አቧራ ለብሰው በጓዳ ተቀምጠዋል፤ አለዚያም በርካሽ ይሸጣሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነገር ማስረዳት ነው። አንደኛው፥ አሮጌው መሣሪያ የስልኩን ሙዚቃ ያለ ብዙ ወጪ ማሰማት የሚችል መሆኑን፤ ሁለተኛውና የሚበልጠው፥ መሣሪያው ከመሸጡ በፊት ሊፈጽመው የሚገባ ሌላ ሥራ ያለው መሆኑን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስትሪሚንግ የሚባለው ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። ዘፈኑ በሩቅ ኮምፒዩተር ተቀምጦ በኢንተርኔት እየፈሰሰ ሲመጣ፥ ስልኩ እየተቀበለ ያሰማል። በሰከንድ 160 ኪሎቢት የሚፈስ ዘፈን በአንድ ሰዓት 72 ሜጋባይት ያህል ይፈጃል፤ 320 ኪሎቢት ቢሆን 144 ይደርሳል።

አምፕሊፋየር የሚያጎላው የኤሌክትሪክ ሞገድን ነው፤ ሞገዱ ከካሤት ቢመጣ ከስልክ ግድ የለውም። ልዩነት የሚያመጣው የሚገባበት በር ነው። «ቴፕ» ወይም «ኦክስ» የሚል ምልክት ያለበት መግቢያ ለስልክ ይስማማል። «ፎኖ» የሚለው ግን ለሸክላ ማጫወቻ ብቻ የተሠራ ነው። ከሸክላው መርፌ የሚመጣው ኃይል ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለ ሆነ፥ አምፕሊፋየሩ ብዙ እጥፍ ያጎላዋል፤ ወፍራሙን ድምፅ ከፍ፥ ቀጭኑን ዝቅ ያደርጋል። የስልክ ድምፅ ግን ግማሽ ቮልትና ከዚያም በላይ ሊደርስ ስለሚችል፥ በዚህ በር ቢገባ ይንጫጫል፤ ዜማውም ይበላሻል።

እንደ ግሩንዲግና ፊሊፕስ ባሉ የአውሮፓ ሥራዎች መግቢያው ብዙ ጊዜ ዲን የሚባል 5 ቀዳዳ ያለው ክብ ሶኬት ነው። በአምፕሊፋየር ላይ ባለው የቴፕ ሶኬት 3ኛውና 5ኛው ድምፅ ያስገባሉ፤ 1ኛውና 4ኛው ያወጣሉ፤ 2ኛው የጋራ መመለሻ ነው። ቍጥራቸው በተርታ አይሄድም፤ ከዳር እስከ ዳር 1፥ 4፥ 2፥ 5፥ 3 ነው። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ለሌለው ስልክ ትንሽ የብሉቱዝ መቀበያ ከመግቢያው ጋር ይገናኛል። ምንም መግቢያ ለሌለው ቴፕ ደግሞ የካሤት ቅርጽ ያለው ማገናኛ አለ፤ በውስጡ ያለው ማግኔት ከቴፑ ሄድ ፊት ለፊት ሆኖ ድምፁን ያስተላልፋል።

አደጋውን ግን መዘንጋት አይገባም። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ስለ ሆነ፥ ለ110 ቮልት የተሠራ መሣሪያ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። አንዳንድ የድሮ አምፖል ራዲዮዎች ትራንስፎርመር የላቸውም፤ የብረት አካላቸው ከመብራቱ መስመር ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። እንዲህ ባለው ላይ የስልክ ገመድ መቀጠል ሰው ሊገድል ስለሚችል ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ከዚህም ሌላ፥ በመሣሪያው ውስጥ ያሉት የኤሌክትሮላይት ካፓሲተሮች ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስበት ቆላ ለብዙ ዓመት የተቀመጠ መሣሪያ ከመከፈቱ በፊት የራዲዮ ጠጋኝ ሊያየው ይገባል።

ኢንተርኔትም የማይደርቅ ምንጭ አይደለም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሰማው አስቀድሞ በስልክ የተቀመጠ ዘፈን፥ አለዚያም ካሤት ነው።

ወደ ሁለተኛው ነገር የሚያደርሰንም ይህ ነው። በኢንተርኔት የሚገኘው ሰው ያስቀመጠው ብቻ ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የመሠረተው አምሃ ሪከርድስ ካሳተማቸው ዘፈኖች ብዙዎቹ ለዓለም ጆሮ የደረሱት፥ በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የጀመረው ኢትዮፒክስ የተባለው ተከታታይ እንደገና ስላወጣቸው ነው። በአንድ ሠርግ የተቀዳ የመሰንቆ ጨዋታ፥ የሽማግሌ ፉከራ፥ ወይም ከባሕር ማዶ በካሤት የተላከ የዘመድ ድምፅ ግን እንዲህ ያለ አሳታሚ የለውም። ሙቀትና አቧራ ካጠፉት ሁለተኛ ቅጂ አይገኝለትም።

ስለዚህ ሙዚቃን የሚያስገባው ገመድ ሙዚቃን ያውጣበት። ከቴፑ ጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒዩተር የድምፅ መግቢያ ገመድ ተዘርግቶ፥ ሄዱ በአልኮል ተጠርጎ፥ ካሤቱ ከዳር እስከ ዳር ይቀዳል። የ60 ደቂቃ ካሤት 60 ደቂቃ ይወስዳል፤ በሲዲ ጥራት ሳይታመቅ ቢቀመጥ 635 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። የዘፋኙ ስም፥ ቦታውና ዘመኑ አብሮ ይጻፍ፤ የባለቤቱም ፈቃድ ይጠየቅ።

ለዕረፍት ወደ አገሩ የሚሄድ ተማሪ ይህን ሥራ በጥቂት ቀናት ሊፈጽመው ይችላል። የዓለም ዘፈን ነገም ይጠብቀናል፤ በጓዳ ያለው ካሤት ግን አይጠብቅም።