የጤና መድህኑ ማዳመጫውን አይገዛም፤ ጆሮውን ግን ያሳክማል



እናቴ የመስሚያ መሣሪያ ማድረግ እንደጀመረች እዚህ ከነገርኳችሁ ወዲህ ከመቱም፣ ከሁሩሙም፣ ከጎሬም፣ ከያዮም፣ ከበደሌም ብዙ ሰው ጽፎልኛል። ጥያቄው አንድ ነው፦ «የጤና መድህን ደብተር አለን፣ በየዓመቱ እንከፍላለን፤ ማዳመጫውን ይሸፍንልናል ወይ?» ለእያንዳንዳችሁ በውስጥ መስመር ከምመልስ ለሁሉም እዚሁ ልጻፈው። ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

መሣሪያውን አይሸፍንም። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን የሚከፍለው ለካርድ፣ ለምርመራ፣ ለመድኃኒት፣ ለአልጋና ለቀዶ ሕክምና ነው። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የመስሚያ መሣሪያ ከጥቅሉ ውጭ ናቸው። ይህን የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ ደብተሩን ሳጥን ውስጥ ይከትና በቀጥታ ገንዘብ ማፈላለግ ይጀምራል። ዕቁቡን ቀድሞ ይጠይቃል፣ አሜሪካ ላለ ዘመድ ይደውላል። እኔን የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም ከመሣሪያው በፊት ያለው የሕክምና መንገድ በሙሉ ማለት ይቻላል ደብተሩ የሚሸፍነው ነው፤ ያንን መንገድ ሄደው ጨርሰው መሣሪያ ጭራሽ የማያስፈልጋቸው ሰዎችም አሉ።

ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አባት ለዓመታት «ደነቆሩ» ተብለው ቤት ተቀምጠው ነበር። ሽማግልና ላይ አይጠሩም፣ ዕድር ላይም ሐሳባቸውን የሚጠይቃቸው አልነበረም። ልጃቸው ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው። ነርሷ በመብራት ጆሯቸውን አየችና ሁለቱም በኩክ ተደፍነው አገኘቻቸው። የሚያለሰልስ ጠብታ ሰጥታ ለቀጠሮ መለሰቻቸው። በቀጠሯቸው ለብ ባለ ውኃ በስሪንጅ ስታጥበው የወጣው እንደ ድንጋይ የደረቀ ጥቁር ነገር ነበር። ወደ ቤት ሲመለሱ «ምን ሆናችሁ ነው የምትጮሁብኝ?» ብለው ልጆቹን ተቆጡ። ለዚህ ሁሉ ከኪሳቸው የወጣ ገንዘብ የለም። ደብተሩ ነው የሠራው።

ኩክ ብቻ አይደለም። ከልጅነት ጀምሮ መግል የሚያፈስ ጆሮ እኛ አካባቢ ብዙ ነው። ታምቡሩ ተቀድዶ፣ ጆሮው እየሸተተ፣ ሰዉ ግን «ለምዶበታል» ብሎ ይተወዋል። እንዲህ ያለ ጆሮ ላይ መሣሪያ ሲደረግ የመሣሪያው መሰኪያ ጆሮውን ይደፍነውና ቁስሉ ይብሳል፤ ፈሳሹም ውድ የሆነውን ዕቃ ያበላሸዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ የግድ ነው፤ መጀመሪያ ጆሮው ይታከም፣ ይድረቅ፣ ከዚያ መስማቱ ይለካ፣ መሣሪያው የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። በነገራችን ላይ የጤና አዳም ጭማቂም፣ ቅቤም፣ ዘይትም ጆሮ ውስጥ አታንጠባጥቡ። ታምቡሩ ቀዳዳ ካለው የሚገባው ቀጥታ ወደ ውስጥ ነው።

ወደ መድህኑ ልመለስ። ይህ ሥርዓት በሙከራ የተጀመረው በ2003 በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ነው። ከኦሮሚያ ከተመረጡት አንዱ ጎረቤታችን ጅማ ዞን ያለው ሊሙ ኮሳ ነበር። አባል የሚሆነው ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው፤ አባወራው ወይም እማወራዋ፣ የትዳር ጓደኛና ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ ልጆች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እናታችሁ ወይም አባታችሁ አብረዋችሁ ቢኖሩ በእናንተ ደብተር ላይ በራሳቸው አይገቡም፤ ተጨማሪ ክፍያ ከፍላችሁ ስማቸውን ማስመዝገብ አለባችሁ። የመስማት ችግር የሚበዛው ደግሞ በአዛውንት ላይ ነው። ዛሬ ማታ ደብተራችሁን አውጡና የማን ስም እንዳለበት እዩ። ከፍሎ መመዝገብ የማይችል ድሃ ቤተሰብ ካለ በቀበሌ ተለይቶ መዋጮውን መንግሥት የሚከፍልለት አሠራር አለ፤ ጎረቤታችሁ ይህን ካላወቀ ንገሩት።

እድሳቱን አታሳልፉ። የእኛ ሰው እጁ ላይ ብር የሚገባው ቡና ሲሸጥ ነው፤ ቡናው ካለቀ በኋላ «ለከርሞ» ማለት ይጀመራል። ጊዜው ያለፈበት ደብተር ይዞ ሆስፒታል በር ላይ መቆም በጣም ያማል።

አሁን መንገዱን። መነሻው ሁልጊዜ የራሳችሁ ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ ያልተቻለው በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ያልፋል። ቀጥታ መቱ ካርል ሆስፒታል ሄዶ «ደብተር አለኝ» ማለት አይሠራም፤ ሪፈር ከሌለ የምትከፍሉት ከኪሳችሁ ነው። ድንገተኛ ሕመም ብቻ ነው ከዚህ ነፃ የሆነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ፤ ደህና የነበረ ጆሮ በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት መስማት ካቆመ ድንገተኛ ሕመም ነው። ቶሎ ከታከመ ሊመለስ ይችላል፣ ሳምንታት ከቆየ ግን ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል። በዚያው ቀን ሂዱ።

ካርል ሆስፒታልን ለማታውቁ፣ ስሙ የመጣው ከካርልሃይንዝ በም ነው። ተዋናይ የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ሜንሽን ፉር ሜንሽን የሚባለውን ድርጅት አቋቁሞ ኢሉባቦር ላይ ትምህርት ቤትና ጤና ተቋም ሲያሠራ የኖረው ሰው። ዛሬ ከኢሉባቦር አልፎ ከጎረቤት ዞኖችና ከጋምቤላ በኩል የሚመጣ በሽተኛም እዚያ ይታከማል።

ከጤና ጣቢያ ስትወጡ ሪፈሩ ላይ ማህተምና ቀን መኖሩን እዩ። የመስማት መለኪያ ያለባቸው ሆስፒታሎች በአገሪቱ ጥቂት ስለሆኑ ከመቱ ቀጥሎ ያለው ጉዞ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ከአንገት በላይ ክፍል ወይም ወደ አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል። ከመሳፈራችሁ በፊት የወረዳችሁን የጤና መድህን ጽሕፈት ቤት «ከየትኛው ሆስፒታል ጋር ውል አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መድህኑ የሚከፍለው ውል ለገባበት ተቋም ብቻ ነው። ውል የሌለው ጋ ከሄዳችሁ ሪፈሩ እጃችሁ ላይ ቢሆንም ሒሳቡ የእናንተ ነው። የመኪናና የማደሪያ ወጪም በደብተሩ አይሸፈንም፤ እሱን አስቀድማችሁ ያዙ። የታዘዘው መድኃኒት ሆስፒታሉ ውስጥ ከሌለ ደግሞ ከውጭ ከመግዛታችሁ በፊት ወጪው እንዴት እንደሚመለስ እዚያው ጠይቁ፣ ደረሰኝም ያዙ።

ልኬቱ ሲሠራ ድምፅ በማይገባበት ክፍል ውስጥ ሄድፎን ታደርጋላችሁ፤ ጢው የሚል ድምፅ በሰማችሁ ቁጥር እጃችሁን ታነሣላችሁ። ውጤቱ ኦዲዮግራም ይባላል፣ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የቀኝ ጆሮ በቀይ ክብ፣ የግራው በሰማያዊ ኤክስ ምልክት ይቀመጣል። ምልክቶቹ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር መስማቱ ደክሟል ማለት ነው። በዓለም ጤና ድርጅት አከፋፈል ከ20 ዴሲቤል በታች ደህና ነው፤ ከ20 እስከ 35 ቀላል፣ ከ35 እስከ 50 መካከለኛ፣ ከ65 በላይ ከባድ። እናቴ ወንድ ሲያወራ ትሰማለች፣ የልጅ ልጇን ግን አትሰማም ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ስናይ መስመሩ ቀጭን ድምፆች ጋ ሲደርስ ቁልቁል ወርዷል። «እኛን ስትፈልግ ትሰማለች» የሚለው የቤተሰብ ወቀሳ በዚያ ቀን ቆመ። ወረቀቱን ፎቶ አንሥታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፣ ዋናውንም አትጣሉ። መሣሪያ የሚሸጥላችሁ ሰው ይህን ወረቀት ሳይጠይቅ ዕቃ ካቀረበላችሁ ተነሥታችሁ ውጡ።

ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጡት አብዛኞቹ ድምፅ ማጉያ ናቸው። የሰውን ድምፅም፣ የጄኔሬተሩንም፣ የሳህኑንም እኩል ያጎላሉ። የምናውቃቸው አንዲት እናት ከአንድ ሱቅ እንዲህ ያለውን ገዝተው ራስ ምታት ይዟቸው አውልቀው ጣሉት፤ ከዚያ በኋላ ደህናውን እንኳ አምጥተን ብንሰጣቸው እንቢ አሉ። ትክክለኛው መሣሪያ በኦዲዮግራሙ መሠረት በኮምፒውተር ይስተካከላል። የሌላ ሰው መሣሪያ ማድረግ የሌላ ሰው መነጽር እንደማድረግ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ የኢሉባቦር ልጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ መሣሪያዎች አሉ። የተፈቀዱት ግን ዕድሜያቸው 18 ለሞላና ችግራቸው ቀላል ወይም መካከለኛ ለሆነ ሰዎች ብቻ ነው። ለልጅ አትላኩ። ለወላጅም ቢሆን መጀመሪያ ኦዲዮግራሙን አስልኩና እዩ። ደግሞ አብዛኞቹ በስማርት ስልክ የሚስተካከሉ ናቸው፤ አጠገባቸው የሚያስተካክልላቸው ልጅ መኖሩን አረጋግጡ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? በሥራ ምክንያት መስማታችሁ ከተጎዳ ሌላ ሕግ አለ፣ ይህን የሚያውቅ ሰው በጣም ጥቂት ነው። የቡና መፈልፈያ፣ የእንጨት መሰንጠቂያ፣ የድንጋይ መፍጫ ማሽን አጠገብ ዓመታት ለሠራ ሰው ጉዳቱ የሥራ ላይ ጉዳት ሊባል ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሕክምናውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል፤ አስፈላጊ የሆነ ሰው ሠራሽ ወይም ምትክ አካልም በሕጉ አለ። የመስሚያ መሣሪያ በዚህ ሥር እንዲቆጠርላችሁ የሐኪም ማስረጃ ይዛችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ድርጅታችሁ የግል ኢንሹራንስ ከገባላችሁም የውሉን የማይሸፈኑ ነገሮች ዝርዝር አስመጥታችሁ አንብቡ፤ የመስሚያ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ከመነጽር ጋር የሚጻፈው እዚያ ነው።

መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች የጠየቃችሁኝ የማኅበራዊ ጤና መድህን ሌላ ነው። አዋጁ ቁጥር 690/2002 ሲሆን፣ ከደመወዝ 3 በመቶ ሠራተኛው፣ 3 በመቶ አሠሪው እንዲያዋጣ የታሰበ ነው። ትግበራው ደጋግሞ ተራዝሟል። የመሣሪያን ጉዳይ በእሱ ተስፋ አድርጋችሁ አትጠብቁ።

መሣሪያው ከተገኘ በኋላ የእኛ አገር ጠላቱ እርጥበት ነው። ጎሬ በኢትዮጵያ ዝናብ በብዛት ከሚዘንብባቸው ቦታዎች አንዷ ናት፤ ክረምት ላይ ልብስ እንኳ ለቀናት አይደርቅም። ማታ ማታ የባትሪውን በር ከፍታችሁ፣ ባትሪውን አውጥታችሁ፣ መሣሪያውን ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ ውስጥ እርጥበት ከሚመጥጡት ትንንሽ ከረጢቶች ጋር አስቀምጡ፤ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን ማለቴ ነው። ምድጃ ዳር ወይም ፀሐይ ላይ አታድርቁት። የዚንክ ባትሪው ላይ ያለው ተለጣፊ ወረቀት ከተላጠ ጊዜ ጀምሮ ባትሪው መሥራት ይጀምራል፤ መልሳችሁ ብትለጥፉትም አይቆምም። ባትሪው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነው የሚቆየው፣ መቱ ላይ ደግሞ እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሲገኝ የባትሪውን ቁጥር ጽፋችሁ ስጡት፤ 13 ይሁን 312 ወይም 675 ማሸጊያው ላይ አለ። መሣሪያው እየሠራ ድንገት ድምፅ ከቀነሰም መጀመሪያ የሚታየው ጆሮው ነው፤ ኩክ ይሆናል። ለእሱ ደግሞ ጤና ጣቢያ አለ፣ ደብተሩም ይሠራል።

መሣሪያው ከጥቅሉ ውጭ መሆኑን እኔ አልቀበለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት መስማታቸው ተጎድቶ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከ430 ሚሊዮን በላይ እንደሆኑ፣ አብዛኞቹም እንደኛ ባሉ አገሮች እንደሚኖሩ ጽፏል። እንግሊዝ መሣሪያውንም ባትሪውንም በነፃ ትሰጣለች። ሀብታሟ አሜሪካ ግን ለአዛውንቶቿ ባላት የሜዲኬር መድህን መሣሪያውን አትሸፍንም፤ ስለዚህ ጉዳዩ የሀብት ብቻ አይደለም፣ የውሳኔም ነው። የእኛ ፈንድ አቅሙ ትንሽ መሆኑ ይገባኛል። ቢሆንም ቢያንስ ለሕፃናት መጀመር ይቻላል። ማጅራት ገትር ታሞ የዳነ፣ ወይም ሲወለድ ክፉኛ ቢጫ ሆኖ የነበረ ልጅ በጊዜ መሣሪያ ካላገኘ ቋንቋ የሚለምድበት ዕድሜ ያልፈዋል። ያ ልጅ በኋላ ትምህርት ቤት ገብቶ ከኋላ ወንበር ሲቀመጥ «ሰነፍ» ይባላል።

በየዓመቱ መዋጮው ሲታደስ በቀበሌ ስብሰባ ይደረጋል። እዚያ ላይ እጃችሁን አውጥታችሁ መሣሪያው ቢያንስ ለሕፃናት እንዲሸፈን ጠይቁ፣ ጥያቄውም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። እኔ በእኛ ቀበሌ አነሣዋለሁ።

በደብተር ሪፈር ተጽፎላችሁ መስማታችሁን የተለካችሁ ካላችሁ ደግሞ ከየትኛው ወረዳ እንደወጣችሁ፣ የትኛው ሆስፒታል እንደተቀበላችሁና ወረፋው ምን ያህል እንደቆየ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስማችሁን አልጠቅስም። ሰብስቤ በወረዳ ለይቼ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።