ገናና የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና

እንደሚታወቀው በ2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ማብቂያና የበጋው በዓላት አንድ ሰሞን ይገጥማሉ። ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11 ይውላል፤ ፈተናውም ብዙ ጊዜ በጥር ነው። ስለሆነም እኛ እጩ መምህራን አቆጣጠሩን ከወዲሁ ማወቅ ይገባናል።

ጥምቀት ከቀኑ ንቅንቅ አይልም። ገና ግን በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ታኅሣሥ 28 ይውላል። ምክንያቱስ? ቤተ ክርስቲያን ከጌታ ፅንሰት ከመጋቢት 29 እስከ ልደቱ 9 ወር ከ5 ቀን፣ ይኸውም 275 ቀን ትቆጥራለች። ጳጉሜን 6 ስትሆን አንድ ቀን ስለምትጨምር ልደቱ በአንድ ቀን ይቀድማል። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፤ በ2020 ዓ.ም.ም ይሆናል።

እንግዲህ ከገና እስከ ጥምቀት 12 ወይም 13 ቀን ነው። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ለገና አገሩ ይገባል። ጊዜው የውቂያ ስለሆነ ቤተሰቡም ጉልበቱን ይፈልገዋል። «ጥምቀትን ውዬ ልሂድ» ሲል ክለሳው ያልፈዋል፤ ሲመለስ ፈተናው ደጃፍ ላይ ይጠብቀዋል። ልጁ እኮ ሰነፍ ሆኖ አይደለም!

ታዲያ ስንመደብ ምን እናድርግ? የፈተናውን ቀን ከገና በፊት እናስታውቅ። የክለሳውን ማስታወሻ ይዘው እንዲሄዱ ቀደም ብለን እናጽፋቸው። በሁለቱ በዓላት መካከል አዲስ ምዕራፍ አንጀምር። የገና ጨዋታውንም ከመበተናቸው በፊት በትምህርት ቤቱ ሜዳ እናዘጋጅላቸው፤ ለዱላና ለሩር ሃይማኖት አይጠየቅም፣ ሁሉም ይጫወታል።

ልጆቹ ተደስተው ይሂዱ፤ በጊዜም ይመለሱ።