ለሤራ ወሬ ከፋዩ ማን ነው?

ከጅግጅጋ ወደ ቶጎ ውጫሌ ወይም ወደ ቀብሪ በያህ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ላይ ደጋግሞ የሚያየው መኪና ቶዮታ ነው። ነጋዴውም፣ ሽማግሌውም፣ ሹሙም በእርሱ ይሄዳል። ታዲያ የዚህ ኩባንያ የአሜሪካ ቅርንጫፍ፣ የአገሪቱን ምርጫ ውጤት አንቀበልም ላሉ ፖለቲከኞች ገንዘብ መስጠቱን ከመካከላችን ስንቶቻችን እናውቃለን? ነገሩ የሩቅ አገር ቢመስልም ትምህርቱ ለእኛ የቀረበ ስለሆነ፣ በአጭሩ ልናስረዳ አስበናል።

አስቀድመን ቃሉን እንግለጥ። የሤራ ወሬ የምንለው፣ የሆነው ሁሉ የሆነው በስውር ሰዎች ምክር ነው እያለ፣ ማስረጃ ሲጠየቅ ግን «ማስረጃውን የደበቁት እነርሱው ናቸው» ብሎ የሚመልሰውን ነው። በዓለም ላይ ሤራ የለም አንልም፤ እውነተኛው ሤራ ግን በማስረጃ ይረጋገጣል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ዶናልድ ትራምፕ በምርጫ ከተሸነፉ በኋላ «ድምፃችን ተሰረቀ» አሉ። ፍርድ ቤቶች አብዛኛውን ክስ ቢጥሉትም ወሬው አልቆመም። ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ሕዝብ ምክር ቤቱን ሰብሮ ገባ፤ ይህም ከሆነ በኋላ 147 የሪፐብሊካን ፓርቲ እንደራሴዎች ውጤቱን ተቃውመው ድምፅ ሰጡ። ያን ጊዜ ብዙ ኩባንያዎች ርዳታችንን አቁመናል ሲሉ አስታወቁ። ነገር ግን ወራት ሳያልፉ አንዳንዶቹ ተመለሱ። ቶዮታ ለ37ቱ 55,000 ዶላር መስጠቱ በዜና ወጣ። ኩባንያው በመጀመሪያ እንደራሴን በአንድ ድምፅ ብቻ መመዘን አይገባም ብሎ ነበር፤ የሕዝቡ ቁጣ ሲበረታ ግን በጁላይ 2021 ለእነርሱ መስጠቱን እንደሚያቆም ተናገረ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ ኩባንያ ከራሱ ካዝና ለፌዴራል ዕጩ በቀጥታ እንዳይሰጥ በ1907 በሕግ ተከልክሏል። ስለዚህ ከኃላፊዎቹና ከሠራተኞቹ ገንዘብ የሚሰበስብ ለብቻው የቆመ ሣጥን ያቋቁማል፤ ከዚያም ለአንድ ዕጩ በአንድ ምርጫ እስከ 5,000 ዶላር ይሰጣል። የሚሰጠው ወሬውን ወዶ አይደለም፤ የግብርና የጉምሩክ ሕግ ሲወጣ የእንደራሴው በር እንዲከፈትለት ነው። ይሁን እንጂ የፖለቲከኛው ኪስ ሁለት አይደለም። ለጉምሩኩ ተብሎ የገባው ብር ለድምፅ ማጉያውም ይከፍላል።

እንግዲህ ልብ እንበል! ቶዮታን ያስቆመው የኅሊና ወቀሳ ብቻ አልነበረም። የሰጪውና የተቀባዩ ስም ከነገንዘቡ ልክ ማንም ሊያነበው በሚችል መዝገብ ላይ ስለሚሰፍር ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1162 ፓርቲዎች ከውጭ አገር ሰው፣ ከሃይማኖት ድርጅትና ማንነቱ ካልታወቀ ሰጪ ገንዘብ እንዳይቀበሉ ይከለክላል፤ ሒሳባቸውንም አስመርምረው ለምርጫ ቦርድ እንዲያቀርቡ ያዛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ደግሞ ጥላቻንና ሐሰተኛ መረጃን የሚያሠራጨውን ይቀጣል። አንዱ ኪስን፣ ሌላው አፍን ይጠብቃል። ከኪሱ ወደ አፉ የሚወስደውን መንገድ መጠበቅ ግን ለእኛ ለዜጎች የተተወ ነው።

በእኛ ከተሞች አንድ ልዩ ችግር አለ፤ ስሙም መዋጮ ነው። ከግቢያችን ደጃፍ ያለ ባለ ሱቅ፣ «ሲጠይቁኝ ለምን እንደሆነ አልጠይቅም፤ ደረሰኝ ከሰጡኝ ዕድለኛ ነኝ» ብሎናል። ይህ ሰው የሚሰጠው ወዶ ነው ወይስ ፈርቶ? የአሜሪካው ኩባንያ በር ለማስከፈት ይሰጣል፤ የእኛ ነጋዴ ግን የራሱ በር እንዳይዘጋበት ይሰጣል።

ክፉ ቃል ምን እንደሚያደርስ ጅግጅጋ በገንዘብ የማይተመን ዋጋ ከፍላ አውቃዋለች። ቅዳሜ ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በከተማዋ ሰው ሞተ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ሱቆች ተዘረፉ። የክልሉ ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ አብዲ ሙሐመድ ዑመር ሥልጣን ለቀቁ፤ ኋላም ግጭት በማነሣሣት ተከሰሱ፤ ክሱ በ2016 ዓ.ም. ተቋረጠ። ስለዚህ ፍርዱን ለራሳችን አንወስድም። ነገር ግን ዓመታት ሙሉ አብሮ ሲገበያይ የኖረ ጎረቤት በአንድ ቀን ጠላት የሚመስለው፣ አስቀድሞ ሲነገር የቆየ ቃል ሲኖር መሆኑን እናምናለን።

ወሬ በነፋስ ብቻ አይሄድም። መኪና፣ ነዳጅ፣ ድምፅ ማጉያና ከናቴራ ይፈልጋል፤ ለእነዚህም ሁሉ ከፋይ አለ። ጓደኞቻችን ሆይ፣ ይህን ጥያቄ ከታላላቆቹ ፓርቲዎች በፊት በቤታችን እንጀምረው። በሚመጣው የተማሪዎች ኅብረት ምርጫ «እነ እገሌ ሊያጠፏችሁ ተማክረዋል» የሚል ዕጩ ቢመጣ ሁለት ነገር እንጠይቀው፤ ማስረጃህ የት አለ? የለበስከውን ከናቴራስ የገዛልህ ማን ነው?