የማስተርስ ተማሪዎች የሚጫወቱት "የቢራ ጨዋታ" ለቡናና እህል ገበያችን ምን ይነግረናል?

ዛሬ የዋጋ ሰንጠረዥ የለም። ዋጋውን ከጀርባ ሆኖ ስለሚያወዛውዘው ነገር ነው የምናወራው።

ሰሞኑን የአንድ ዩኒየን ሰዎች "አንድ ጎበዝ ልጅ አለን፣ ኤም ቢ ኤ እናስተምረው ወይ? ያዋጣል?" ብለው ጠየቁኝ። እኔ ያለኝ የቢዝነስ ዲፕሎማ ነው። የሰጠኋቸው መልስም አጭር ነበር፦ "ትምህርት ቤቱን አንድ ነገር ጠይቁት፤ በመጀመሪያው ዓመት ተማሪው በእጁ ምን ይሠራል?" ለምን እንዲህ እንዳልኩ በአንድ ምሳሌ ላስረዳ።

አሜሪካ ውስጥ ኤም አይ ቲ የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ። የቢዝነስ ትምህርት ቤቱ አዲስ የማስተርስ ተማሪዎች ገና ሲገቡ "የቢራ ጨዋታ" ያጫውታቸዋል። ጨዋታው እዚያው የተፈጠረው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ቢራ አይጠጣበትም፤ ይታዘዛል፣ ይላካል።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። አራት ቦታ አለ፦ ቸርቻሪ፣ ጅምላ ሻጭ፣ አከፋፋይ፣ ፋብሪካ። እያንዳንዱ በ12 ሳጥን ቢራ ይጀምራል። ተጫዋቾቹ መነጋገር አይችሉም፤ በየሳምንቱ የትእዛዝ ወረቀት ብቻ ወደ ላይ ያስተላልፋሉ። ትእዛዙ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፣ እቃው እስኪመጣም እንደዚሁ። መጋዘን ለተቀመጠ አንድ ሳጥን በሳምንት ግማሽ ዶላር ይቆጠርባቸዋል፤ ታዝዞ ላልቀረበው ደግሞ አንድ ዶላር።

መጀመሪያ ላይ ደንበኛው በሳምንት 4 ሳጥን ይገዛል። በ5ኛው ሳምንት 8 ይሆናል፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው 8 ነው። ሌላ ለውጥ የለም። ይህን የሚያየው ግን ቸርቻሪው ብቻ ነው።

ቸርቻሪው ክምችቱ ሲቀንስበት ጨመር አድርጎ ያዝዛል። እቃው ቶሎ አይመጣም፤ ይደነግጥና ደግሞ ይጨምራል። ጅምላ ሻጩ ያንን አይቶ ከዚያ በላይ ያዝዛል። ፋብሪካው ጋ ሲደርስ ገበያው ያበደ ይመስላል። ትንሽ ቆይቶ የታዘዘው ሁሉ ባንዴ ይመጣል፣ መጋዘኑ ይሞላል፣ ትእዛዝም ቀጥ ይላል። የዚያው ትምህርት ቤት መምህር ጆን ስተርማን በ1989 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት፣ የቡድኖቹ አማካይ ወጪ መሆን ከሚገባው አሥር እጥፍ ያህል ነበር።

ትልቁ ትምህርት የሚመጣው ሲያልቅ ነው። ተጫዋቾቹ "ደንበኛው ሲገዛ የነበረውን በወረቀት ሳሉ" ሲባሉ ብዙዎቹ ወጥቶ የወረደ ተራራ ይስላሉ። እውነቱ ሲገለጥ አንድ ደረጃ ብቻ ነው። ተራራውን የሠሩት እነሱ ናቸው። ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ሰው "እሺ" ብሎ ያልፋል፤ በእጁ የከሰረበት ግን አይረሳውም።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። አንድ የውጭ ገዢ አንድ ኮንቴይነር ቡና ፈለገ እንበል። ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ፣ ማለትም 192 ኩንታል። ዋጋ ለማወዳደር ሦስት ላኪ ጠየቀ። እያንዳንዱ ላኪ ለሁለት አቅራቢ ደወለ። ታች ያለው ሰብሳቢ ጋ የስድስት ኮንቴይነር ፍላጎት ተሰማ፤ 1,152 ኩንታል። ዋጋ ተነሳ፣ ገበሬውም "ይጨምራል" ብሎ ያዘ። ገዢው ከአንዱ ላኪ ጋር ሲዋዋል የቀሩት ስልኮች ዝም አሉ። በውድ የገዛው አቅራቢ የባንክ ወለድ እየቆጠረ ቀረ። ማንም አልዋሸም፤ አንዱ ጥያቄ ስድስት ቦታ ተቆጠረ እንጂ። በቆሎና ስንዴም ላይ ያው ነው።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት፦

1. የሰማችሁት ጥያቄ ነው ወይስ የተፈረመ ውል? ጥያቄ ከሆነ ከሌላ ሰው የሰማችሁት ያው ራሱ እንዳይሆን መድረሻውን፣ ደረጃውንና መጠኑን አመሳክሩ።

2. መንገድ ላይ ያለውን ቁጠሩ። በጨዋታው ብዙ ሰው የሚወድቀው ያዘዘውንና ገና ያልደረሰውን ረስቶ እንደገና ሲያዝዝ ነው። የተከፈለበት፣ ያልተጫነ፣ ያልተራገፈ ሁሉ የእናንተ ክምችት ነው።

3. የመጨረሻውን ቁጥር ወደ ታች አውርዱ። ዩኒየን ለመሠረታዊ ማህበራቱ "በዚህ ሳምንት በውል የተሸጠው ይህን ያህል ነው" ቢል ብዙ ድንጋጤ ይቀራል። ላኪውም ለአቅራቢው እንዲሁ።

ለጨዋታው ማስተርስ መግባት አያስፈልግም። አንድ ጠረጴዛ፣ አራት ወንበር፣ አንድ ሳህን ባቄላና ቁራጭ ወረቀት ይበቃል። ሂሳብ ሹሙን፣ ገዢውን፣ መጋዘን ጠባቂውንና ሥራ አስኪያጁን አስቀምጡ። ቦታም አቀያይሩ፤ ሥራ አስኪያጁ ሰብሳቢ ይሁን።

ወደ ዩኒየኑ ጥያቄ ስመለስ፦ በክፍል ውይይት የታወቀው የሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት እንኳ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በሙሉ የተግባር ኮርስ ጨምሯል። ልጁን የምትልኩበት ቦታ ከስላይድና ከፈተና ውጪ የሚያሠራው ነገር ካለ ላኩት። ከሌለ ገንዘቡን ያዙና በባቄላው ጀምሩ።

አቅራቢዎች፣ "አንድ ጥያቄ ስድስት ቦታ" የገጠማችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ነገ ጠዋት ወደ ዋጋችን እንመለሳለን። መልካም ገበያ!