ከፎርታሌዛ እስከ ዋሽንግተን፤ የወይዘሮ ማሪያ ዳ ፔንያ አቤቱታ

በብራዚል አገር ከጥንት ጀምሮ የሚነገር አንድ ተረት አለ፤ «በባልና በሚስት ጠብ ማንም ማንኪያውን አያስገባም» ይላል። ቃሉን ሲሰሙት ጨዋነት ያለበት ይመስላል፤ የሰው ቤት ምሥጢር የሰው ነውና ጎረቤት በደጃፍ ቆሞ ሊያዳምጥ አይገባውም። ነገር ግን በዚህ ተረት ተሸፍኖ ስንት ግፍ እንደ ተፈጸመ፣ ፖሊሱም ዳኛውም ስንት ጊዜ አይተው እንዳላዩ ሆነው እንዳለፉ ሲታሰብ ቃሉ ሌላ መልክ ይይዛል። ይህን ተረት በአገሩ ሕግ ፊት ዋጋ ያሳጣው የአንዲት ወይዘሮ አቤቱታ ስለ ሆነ ታሪኩን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። በጽሑፉ ውስጥ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወይዘሮ ማሪያ ዳ ፔንያ ማያ ፈርናንዴስ በ1945 ዓ.ም. በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ የሴያራ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በሆነችው በፎርታሌዛ ተወለዱ። በዚያው በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ቅመማ ትምህርታቸውን ፈጽመው በ1966 ዓ.ም. ከተመረቁ በኋላ፣ ለከፍተኛ ጥናት ወደ ሳኦ ፓውሎ ሄዱ። ከባላቸውም ጋር የተዋወቁት እዚያ ነበር። ሰውየው ከኮሎምቢያ የመጣ የምጣኔ ሀብት ተማሪ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ትሑትና ለሰው አዛኝ ሆኖ ይታይ እንደ ነበረ ወይዘሮዋ ራሳቸው ተናግረዋል። በ1976 ዓ.ም. ተጋብተው ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ሰውየው የብራዚል ዜግነት ካገኘና ኑሮው ከተደላደለ በኋላ ግን ጠባዩ ተለወጠ፤ ቁጣውም በሚስቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በልጆቹም ላይ መውረድ ጀመረ።

በ1983 ዓ.ም. በሜይ ወር አንድ ሌሊት ወይዘሮ ማሪያ ተኝተው ሳሉ ከጀርባቸው በጥይት ተመቱ። ባልየው ለፖሊስ «ሌቦች ሊዘርፉን ገብተው ነው» ብሎ ተናገረ። ጥይቱ አከርካሪያቸውን ስለ ጎዳው እግራቸው ሽባ ሆኖ ቀረ። ከአራት ወር ያህል ሕክምና በኋላ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ ባልየው ዐሥራ አምስት ቀን ከቤት እንዳይወጡ ከልክሎ አስቀመጣቸው፤ ገላቸውን ሲታጠቡም በኤሌክትሪክ ሊገድላቸው ሞከረ። ቤተ ዘመዶቻቸውና ወዳጆቻቸው ነገሩን በተረዱ ጊዜ አስቀድመው የሄዱት ወደ ሕግ ዐዋቂ ነበር፤ ሚስት ቤቷን ጥላ ወጣች ተብሎ ልጆቿ እንዳይወሰዱባት ይፈራ ነበርና። እንግዲህ ሁለት ጊዜ ከሞት አፍ የተረፈች ሴት፣ ከገዳይዋ ቤት ለመውጣት እንኳ በቂ ምክንያት እንዳላት የሚመሰክር ወረቀት ያስፈልጋት እንደ ነበረ አንባቢ ያስተውል።

ከዚህ በኋላ የመጣው መከራ የመዝገብ መከራ ነው። ወንጀሉ ከተፈጸመ ስምንት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1991 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ባልየውን 15 ዓመት እስራት ፈረደበት፤ ጠበቆቹ ይግባኝ ስላሉ ግን ከችሎቱ በነጻነት ወጥቶ ሄደ። በ1996 ዓ.ም. ጉዳዩ እንደ ገና ታይቶ 10 ዓመት ከ6 ወር ተፈረደበት፤ ይኸኛውም ፍርድ በሥነ ሥርዓት ክርክር ተይዞ ሳይፈጸም ቀረ። በሁለቱ ፍርዶች መካከል፣ በ1994 ዓ.ም. ወይዘሮ ማሪያ የደረሰባቸውን ሁሉ በመጽሐፍ ጽፈው አሳተሙ፤ የመጽሐፉም ስም በአማርኛ «ተረፍሁ፤ መናገርም እችላለሁ» እንደ ማለት ነው።

መጽሐፉ ነገሩን ከአገር ውጭ አወጣው። በ1998 ዓ.ም. ወይዘሮ ማሪያ ከሁለት የመብት ተከራካሪ ማኅበራት ጋር ሆነው አቤቱታቸውን በዋሽንግተን ለሚገኘው ለአሜሪካ አገሮች የሰብአዊ መብት ኮሚሽን አቀረቡ። ከማኅበራቱ አንደኛው ግፉዓንን ወክሎ በዓለም አቀፍ ሸንጎ የሚከራከር የሕግ ባለሙያዎች ማዕከል ነው፤ ሁለተኛው በላቲን አሜሪካና በካሪቢያን ለሴቶች መብት የሚሟገቱ ሰዎች ኮሚቴ ነው። እንዲህ ያለው ኮሚሽን እንደ ደንቡ አቤት ባዩ በአገሩ ያለውን የፍርድ መንገድ ሁሉ ሳይጨርስ ጉዳዩን አይቀበልም፤ ፍርዱ ያለ በቂ ምክንያት ከዘገየ ግን ይህ ደንብ ይነሣል። ዐሥራ አምስት ዓመት ያለ መጨረሻ ፍርድ መቆየት ለዚህ ከበቂ በላይ ነበር። የተከሰሰውም ባልየው ሳይሆን የብራዚል መንግሥት ነው። መንግሥቱ መልስ እንዲሰጥ በተደጋጋሚ ቢጠየቅም አንዳች ቃል አልመለሰም።

ኮሚሽኑ በ2001 ዓ.ም. በአፕሪል ወር ውሳኔውን አስታወቀ፤ ብራዚል በቸልተኝነትና ግፉን በዝምታ በመታገሥ ጥፋተኛ ናት አለ። ውሳኔው ከተመሠረተባቸው ውሎች አንዱ፣ በሴቶች ላይ የሚደርሰውን ግፍ ለመከላከል የአሜሪካ አገሮች በ1994 ዓ.ም. ያጸደቁት ስምምነት ነበር። ይህ ስምምነት የተፈረመባትና በስሟም የሚጠራባት ከተማ ቤሌም ዶ ፓራ ናት፤ እርሷም በብራዚል ምድር የምትገኝ ናት! የራሷ ከተማ ስም በተጻፈበት ውል መወቀስ ለአገሪቱ ቀላል ኀፍረት አልነበረም። በ2002 ዓ.ም. ወንጀሉ በይርጋ ሊታገድ ጥቂት ጊዜ ሲቀረው ሰውየው ተይዞ ወህኒ ቤት ገባ፤ ከተኮሰ ወደ ሃያ ዓመት ሊጠጋ ነበር።

ነገሩ የአንድ ሰው ክፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባበቃ። ነገር ግን በ1995 ዓ.ም. ብራዚል ቀላል ወንጀሎችን በፍጥነት የሚያዩ ችሎቶች አቋቁማ ነበርና፣ ሚስቱን የደበደበ ሰው ጉዳይ ከጎረቤት ጋር እንደ ተጣላ ሰው ጉዳይ በእነዚህ ችሎቶች በዕርቅ ይዘጋ ጀመር። ብዙ ጊዜም ቅጣቱ ለችግረኞች አንድ ቅርጫት ሩዝ፣ ባቄላና ዘይት ገዝቶ መስጠት ነበር። ከዚህም የባሰው፣ የመጥሪያውን ወረቀት ለደብዳቢዋ ወስዳ እንድትሰጥ ለራሷ ለተደበደበችው ሴት የሚሰጥበት ጊዜ ነበር። በእኛም ዘንድ ሽማግሌ የተጣላን ያስታርቃል፤ መልካም ሥራ ነው። ሆኖም ዕርቅ ለተጣሉ ሁለት ሰዎች ነው፤ አንዱ እየመታ አንዷ የምትመታ ስትሆን ነገሩ ጠብ አይባልም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በአንጾኪያ ሲያስተምር ሚስቱን የሚመታን ባል አጥብቆ ገሥጿል፤ ጩኸቱን ሰምተው ወደዚያ ቤት የሚሮጡትን ጎረቤቶችና መንገደኞች ሲያነሣም ያፈረበት በሚመታው ባል ነው እንጂ በሚሮጡት አይደለም።

የሴቶች ማኅበራት ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ተሰብስበው የሕግ ረቂቅ አዘጋጁ፤ ረቂቁም በምክር ቤት ተመክሮበት ፕሬዚዳንት ሉላ ዳ ሲልቫ በኦገስት 7 ቀን 2006 ዓ.ም. ፈረሙበት። ቁጥሩ 11340 ሲሆን በሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው «የማሪያ ዳ ፔንያ ሕግ» ተብሎ ነው። አርባ ስድስት አንቀጽ አለው። በዚህ ሕግ የቅርጫቱ ቅጣት ተከለከለ፤ መጥሪያ በተበዳይዋ እጅ መላክም ቀረ። ሴቲቱ ጥበቃ ስትጠይቅ ዳኛው ጥያቄው በደረሰው በ48 ሰዓት ውስጥ መወሰን አለበት፤ ባልየውን ከቤት ማስወጣት፣ የጦር መሣሪያውን ማስነጠቅ፣ ወደ እርሷና ወደ ልጆቿ እንዳይቀርብ ማገድ ይችላል። ግፍ የሚባለውም በትር ብቻ አይደለም፤ ማዋረድና ማስፈራራት፣ በግድ መገናኘት፣ ስም ማጥፋት፣ ደግሞም ገንዘቧን፣ ሰነዶቿን ወይም የሥራ መሣሪያዋን ወስዶ መያዝ ሁሉ በሕጉ ተቈጥሯል። በእኛ አስተያየት ከሁሉ ይልቅ የጠለቀው ይህ የመጨረሻው ነው፤ የስፌት መኪናዋ የተወሰደባት ሴት ወዴት ትሄዳለች?

ይህ ሁሉ ብራዚል ብቻዋን የሠራችው አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በኖቬምበር 25 ቀን በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሦስቱ የሚራባል እኅትማማች በአምባገነኑ በትሩሂዮ ሰዎች ተገደሉ፤ አሟሟታቸውም የመኪና አደጋ እንዲመስል ተደረገ። የላቲን አሜሪካ ሴቶች በ1981 ዓ.ም. በቦጎታ ተሰብስበው ያን ቀን የመታሰቢያ ቀን አደረጉት፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በ1999 ዓ.ም. ቀኑን ለዓለም ሁሉ ተቀበለው። ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ከዚያ ቀን አንሥቶ የሰብአዊ መብት ቀን እስከሚከበርበት እስከ ዲሴምበር 10 ድረስ ያሉት ዐሥራ ስድስት ቀኖች በብዙ አገሮች ለዚሁ ጉዳይ ይውላሉ። በ1993 ዓ.ም. በቪየና በተደረገው ጉባኤ በቤት ውስጥ የሚፈጸም ግፍ የሰብአዊ መብት ጉዳይ መሆኑ ታወቀ፤ የወይዘሮ ማሪያ አቤቱታ ሰሚ ያገኘውም ይህ በር ከተከፈተ በኋላ ነው።

ሕግ መውጣቱ ግን ግድያን አላቆመም። ሚስት ፈርታ ክሷን ስታነሣ መዝገቡ ይዘጋ ስለ ነበር፣ ጠቅላይ ፌዴራል ፍርድ ቤቱ በ2012 ዓ.ም. የአካል ጉዳት ክስ በእርሷ ፈቃድ ላይ እንዳይመሠረት ወሰነ። ሴትን በሴትነቷ ምክንያት መግደል በ2015 ዓ.ም. በከባድ ወንጀልነት በሕግ ተደነገገ፤ በ2024 ዓ.ም. ቅጣቱ ከ20 እስከ 40 ዓመት እስራት ሆነ።

ወይዘሮ ማሪያ በ2008 ዓ.ም. ከሴያራ ክፍለ ሀገር መንግሥት ካሣ ተቀበሉ። በሚቀጥለው ዓመት በስማቸው የሚጠራ ተቋም መሠረቱ፤ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ሆነውም ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ ሕጉን አስተማሩ። በ2024 ዓ.ም. በኢንተርኔት ታሪካቸውን ሐሰት ነው የሚሉና የሚዝቱባቸው ሰዎች ስለ በዙ፣ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ሰባ ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሆናቸውን እኒህን እናት ለመብት ተከራካሪዎች በሚሰጠው የጥበቃ መርሐ ግብር ውስጥ አስገባቸው።