ዶሮዋ በቆጧ፣ ሕፃኑ በአጥሩ

አሰላ፤ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ በተንጣለለው የአርሲ ደጋ የሌሊቱ ብርድ ብርቱ ነው፤ ጅብና ሌባም አይታጡም። በዚህም የተነሣ ጥጃው፣ በጉና ዶሮው ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማደራቸው በብዙ የገበሬ ቤት የኖረ ልማድ ነው። ልማዱ ለከብቱ ይበጃል፤ በዳዴ ለሚሄደው ሕፃን ግን አይበጅም።

በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ያደርጋል። ኩስና እበት በነካው መሬት ሲድህና ጣቱን ሲጠባ ጀርሞች ወደ ሆዱ ይገባሉ። ከእነዚህ አንዱ ካምፒሎባክተር የተባለው ሲሆን፣ በዶሮ አንጀት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ዶሮዋን ሳያሳምም ይኖራል። ስለዚህ የዶሮዋ ጤነኛ መምሰል ለኩሷ ንጽሕና ማስረጃ አይሆንም። ሕፃኑ ደጋግሞ ሲበከል፣ ተቅማጥ ባይታይበትም እንኳ አንጀቱ ሊጎዳና የበላው ምግብ በሚገባ ሰውነቱን ላይገነባ ይችላል።

ታዲያ መፍትሔው ዶሮን ማስወገድ ነውን? አይደለም። ከኢትዮጵያ ገጠር በተሰበሰበ መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ2008 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ ዶሮ የሚያረቡ ቤተሰቦች ልጆች በቁመት የተሻሉ ሆነው መገኘታቸውን፣ ዶሮዎቹ በመኖሪያ ቤት በሚያድሩበት ግን የልጆቹ ቁመት ዝቅ ብሎ መታየቱን አመልክቷል። ጥቅሙም ጉዳቱም ከአንዲቱ ዶሮ ነው፤ የሚለየው ማደሪያዋ ነው።

ሥራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከባሕር ዛፍ አጠና ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ፣ ለብርዱ በጭቃ የተመረገና በሩ በደንብ የሚዘጋ የዶሮ ቤት ከመኖሪያው ውጭ ይቆማል። ለጥጃውና ለበጉም በረት ይለይላቸዋል። ለሕፃኑ ደግሞ ዶሮ የማትሾልክበት ጥቅጥቅ ያለ አጥር በደጃፍ ይታጠርለታል፤ የሚታጠብ ምንጣፍም ይነጠፍበታል። ዶሮ ዘላ ልትገባ ስለምትችል ጠባቂ ከአጠገቡ አይለይ። ኩስ የጠረገ እጅም ሕፃኑን ከመንካቱ በፊት በሳሙና ይታጠብ።

ይሁንና አጥር ብቻውን አይበቃም። በዚምባብዌ ገጠር ተካሂዶ ውጤቱ በ2011 ዓ.ም. በታተመ ሰፊ ሙከራ፣ ለቤተሰቦች መጸዳጃ ቤት፣ የእጅ መታጠቢያና የሕፃናት መጫወቻ ቢሰጥም የልጆቹ ቁመት በዚህ ብቻ አልተሻሻለም። በመጠኑ የተሻሻለው እናቶቻቸው ስለ አመጋገብ ትምህርት ባገኙትና ተጨማሪ ምግብ በተሰጣቸው ሕፃናት ላይ ነው። በመሆኑም እንቁላሉና ወተቱ ወደ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት የሕፃኑ ድርሻ ሊነሣለት ይገባል።

በ1960ዎቹ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያን በአርሲ ሲያስፋፋ ገበሬው አዲሱን ነገር በጎረቤቱ ማሳ ላይ በዓይኑ እንዲያይ ያደርግ ነበር። ይህም ሥራ ማሳያ ይሻል። የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር መክረው፣ አቅም የሌላቸውን እናቶች በደቦ ሊረዱ ይችላሉ። የመጀመሪያው ቆጥና አጥር ግን በመሪው ግቢ ቢታይ ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ያስተምራል።