ብይዋ ለምን አትታዘዝም?

የጌም ፕሮግራመር ነኝ። ሰሞኑን ብይ የሚንከባለልበት ጌም ስሠራ ያደግኩበት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ትዝ አለኝ። ከተጣለ ኩሽኔታ የወጣች የብረት ብይ ያለው ልጅ ንጉሥ ነበር። የመስታወቷን ብይ ገጭታ ታባርራለች፣ እሷ ግን ወደፊት መንከባለሏን ትቀጥላለች። በመጠን እኩል ቢሆኑም ብረቷ ሦስት እጥፍ ያህል ትከብዳለች።

ኮምፒውተሩም የሚያሰላው ይህንኑ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 60 ጊዜ ስበቱን፣ ሰበቃውንና ግጭቱን እያሰላ ብይዋ ቀጥሎ የት እንደምትደርስ ይወስናል። ጀማሪ የሚስተው (እኔም ስቼዋለሁ) አንድ ነገር አለ። ብይ ቁልቁለት ስትወርድ አትንሸራተትም፣ ትሽከረከራለች። ከእንቅስቃሴ ጉልበቷ ከ7 እጅ 2ቱን መሽከርከሩ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ያለ ሰበቃ ከሚንሸራተት ነገር ቀስ ብላ ትፈጥናለች። ይህን ከዘለላችሁት ብይዋ ሳሙና የረገጠች ትመስላለች። ተጫዋቹ ፊዚክስ ባይማርም እጁ ያውቀዋል።

ማርክ ሰርኒ ለጌም ኩባንያው ለአታሪ የሠራውና በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው «ማርብል ማድነስ» የተባለ የብይ ጌም 6 መድረክ ብቻ ነበረው። ተጫዋቹ ብይዋን የሚነዳው ማሽኑ ላይ ያለውን ኳስ በመዳፉ እያንከባለለ ነበር።

እንዲህ ያለ ጌም የሚጥመው ብይዋን መግፋት እንጂ ማዘዝ ስለማይቻል ይመስለኛል። ለማቆም ቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ገደል ስትገባም ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ያማረ ሥዕል ይህን አይተካም።

እስቲ ንገሩኝ፦ በእናንተ ሰፈር የብረት ብይ ይፈቀድ ነበር?